የግዛት የጭነት አሃዝ አልገጥም ሲል

ሰንጠረዥ አውርዶ መክፈት የሚያቅተው ሰው ይህን አያነብም ብዬ ልጀምር። የማወራው አሜሪካ ውስጥ ከየግዛቱ የሚነሣውን ጭነት ስለሚገምተው የሸቀጥ ፍሰት ጥናት ነው። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮና የትራንስፖርት ስታቲስቲክስ ቢሮ በጋራ ያካሂዱታል፤ የመጀመሪያው የ1993 ነው፣ ከ1997 ወዲህ ደግሞ በየአምስት ዓመቱ ይደረጋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ችግር፦ የግዛቱ ጭነት ካለፈው ጥናት ወዲህ አድጓል ወይም አሽቆልቁሏል፤ መንገድ ላይ የሚውሉ ሰዎች ግን ምንም አላዩም

መንስኤ፦ አብዛኛውን ጊዜ አላደገም፤ አላሽቆለቆለምም። ይህን ብልሽት ሌሎቹ ሁሉ ተደምረው ከሚመጡት በላይ ስለማየው ትንሽ ታገሡኝ።

ጥናቱ ቆጠራ አይደለም፤ ናሙና ነው። በ2012 የተጠየቁት መቶ ሺህ ያህል ፋብሪካዎች፣ የማዕድን ማውጫዎች፣ ጅምላ ሻጮችና መጋዘኖች ነበሩ። እያንዳንዱ በየሩብ ዓመቱ የአንድ ሳምንት ጭነቱን ያያል፤ ከዚያም ውስጥ ጥቂቱን መርጦ ያስመዘግባል። ከ52 ሳምንት አራቱ ብቻ ማለት ነው። የቀረው በማባዣ ይሞላል፤ ማባዣ ማለት አንዱ የተመዘገበ ጭነት ስንት ሌሎችን እንደሚወክል የሚናገር ቁጥር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አሃዝ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚናገር የመዋዠቅ ምጣኔ አለው። ምጣኔው ተሰልቶና ታትሞ ተቀምጧል፤ ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ እንጂ።

አንድ ወጣት ባለሙያ ትልቅ ቀይ ቀስት የተሣለበት ገጽ ይዞ መጣ። የአንድ ግዛት ጭነት በስድስት በመቶ ጨምሯል፤ መንገዱ ይስፋ የሚል ሐሳብም ከሥሩ ተጽፏል። ምጣኔው የት አለ ብዬ ብጠይቀው «እሱን አምድ አጥፍቼዋለሁ፤ ገጹን ያጣብባል» አለኝ። ያጣብባል! ቁጥሮቹን አቅልዬ ያኔ ያሳየሁትን ላሳያችሁ።

መፍትሄ፦ የፊተኛው ጥናት 100 ሚሊዮን ቶን፣ ምጣኔው 8 በመቶ ይሁን፤ አሃዙ በምጣኔው ሲባዛ የሚመጣው መደበኛ ስህተት 8 ሚሊዮን ነው። የኋለኛው 106 ሚሊዮን፣ ምጣኔው 9 በመቶ ይሁን፤ መደበኛ ስህተቱ 9.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሁለቱን ስህተቶች እንዲሁ አትደምሩ። እያንዳንዱን በራሱ አባዙ፣ ውጤቶቹን ደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፦ 12.5 ሚሊዮን ገደማ። ይህን በ1.645 ስታበዙት 20.5 ሚሊዮን ይመጣል። በ90 በመቶ እርግጠኝነት «ተለወጠ» ለማለት ልዩነቱ ከዚህ መብለጥ ነበረበት። ልዩነቱ 6 ነው። ቀስቱ ተደመሰሰ።

አሃዙን በሸቀጥ፣ ከዚያም በመጓጓዣ ዓይነት በከተፋችሁት ቁጥር ምጣኔው ያብጣል። ምጣኔው 40 በመቶ የሆነ 10 ሚሊዮን ቶን በዚያው በ90 በመቶ እርግጠኝነት ከ3.4 እስከ 16.6 ሚሊዮን የትም ሊሆን ይችላል። ይህን ይዞ መጋዘን የት ልሥራ የሚል ሰው ሎተሪ ቢቆርጥ ወጪው ይቀንስለት ነበር። ሌላም አለ፦ ምጣኔው የሚለካው ናሙና በመወሰዱ የሚመጣውን ስህተት ብቻ ነው፤ ቅጹን በግድየለሽነት የሞላ የመጋዘን ጸሐፊ እዚያ ውስጥ አይታይም። የ1993ን የሸቀጥ ዝርዝር ደግሞ ከኋለኞቹ ጋር ጭራሽ አታወዳድሩ፤ የሸቀጥ መለያው በ1997 ተቀይሯል።

ችግር፦ ዝርዝሩ ሲደመር ከጠቅላላው ያንሳል

መንስኤ፦ «ኤስ» እና «ዲ» የተጻፈባቸውን ሣጥኖች ዜሮ አድርጋችኋል። ኤስ ማለት አሃዙ ከመጠን በላይ ስለሚዋዥቅ ወይም በቂ መልስ ስላልተገኘ አልታተመም ማለት ነው። ዲ ማለት የአንድ ድርጅት ምስጢር እንዳይወጣ ተሸፍኗል ማለት ነው። ሁለቱም ጭነት የለም አይሉም። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ በዜሮ የተካ ሰው «ከዚህ ግዛት የድንጋይ ከሰል አይወጣም» ብሎ ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግዛቱ የሚታወቀው በከሰል ነው።

መፍትሄ፦ ጠቅላላውን እንደታተመ ውሰዱ። የሚታየው ሲቀነስ የሚተርፈው የተሸፈኑት ድምር ነው፤ በግምት አታከፋፍሉት።

ችግር፦ ከአዮዋ የሚነሣው በቆሎ ከምርቱ በጣም ያንሳል

ሁለት የጭነት መኪና ያለው ወዳጄ «ወንድሜ፣ አዮዋ በበቆሎ አንደኛ ናት፤ ታዲያ ጭነቱ የት ገባ?» ብሎ ደወለልኝ። ከእርሻ እስከ ጎተራ ያለው ጉዞ ጥናቱ ውስጥ አይገባም። እዚያው ለከብት የተሰጠው ደግሞ ከእርሻው አልወጣም። ከጉድጓድ የሚወጣ ድፍድፍ ነዳጅም እንዲሁ ከጥናቱ ውጭ ስለሆነ የሰሜን ዳኮታን አሃዝ አይታችሁ አትደንግጡ። ከውጭ የመጣ ዕቃ ከወደብ እስከ አስመጪው መጋዘን አይቆጠርም፤ መጋዘኑ ካሊፎርኒያ ካለ ግን ከዚያ ሲወጣ መነሻው ካሊፎርኒያ ይባላል። መነሻ ማለት የተጫነበት ቦታ እንጂ የተመረተበት አይደለም። የጎደለውን የሚሞላው የጭነት ትንተና ማዕቀፍ የሚባለው ሌላ ሥራ ነው፤ አምስተኛው እትም በ2017 ጥናት ላይ ተመሥርቷል። እሱ ጥናቱን በውስጡ ስለያዘ ሁለቱን አትደምሩ።

ችግር፦ የግዛቱ ጭነት ዋጋ ከዓመታዊ ምርቱ ይበልጣል

ስህተት አይደለም፤ አንዱ ዕቃ ከፋብሪካ ሲወጣም ከጅምላ ሻጭ ሲወጣም ይቆጠራል።

ችግር፦ ከጥሬው ፋይል የተሠራው ድምር የማይመስል ነው

የተመዘገበው ጭነት አንድ በአንድ የተዘረዘረበት የ2012ቱ ፋይል ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ረድፍ አለው፤ ኤክሴል የሚይዘው 1,048,576 ብቻ ነው። የቀረውን ይቆርጠዋል፤ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ሳያነብ የሚዘጋው ሰው ብዙ ነው። ከዚያም «01-05» የሚለውን የሸቀጥ ምድብ ጥር 5 ቀን አድርጎ ይለውጠዋል። የእንስሳትና የእህል ጭነት «በጥር የተላከ» ተብሎ የተተነተነበትን ዘገባ ይታረም ብለው ከመለሱት አንዱ ነኝ። ፋይሉን በዳታቤዝ ክፈቱ፣ የምድቡን አምድ ጽሑፍ ነው በሉት። እያንዳንዱን ረድፍ በማባዣው አባዙ፤ ክብደቱ በፓውንድ ስለሆነ ቶን ለማግኘት ለ2,000 አካፍሉ።