በእጅ የሚሠራ የዱቄት ማሸጊያ መስመርን ወደ አውቶማቲክ ለመቀየር፦ ለድሬዳዋና ለሐረር አምራቾች

አውቶማቲክ ማሸጊያ ለመግዛት የተነሣ አምራች መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ከዋጋው በፊት ግን ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ሥራ አለ፤ እርሱም መስመሩ መቼና በምን ምክንያት እንደሚቆም በየደቂቃው መመዝገብ ነው። ሚዛኑ በደቂቃ 6 ጆንያ እየሞላ መስፊያው 4 ብቻ የሚሰፋ ከሆነ፣ ሚዛኑን በውድ ማሽን መተካት በመስፊያው ፊት የሚቆለለውን ጆንያ ያበዛ እንደሆነ እንጂ የቀኑን ምርት አይጨምርም። ስለዚህ ገንዘብዎን ከሁሉ በዘገየው ክፍል ላይ ያውሉ።

ቀጥሎ የሠራተኛውን እጅ ይመልከቱ። ይህን ሳናደርግ የቀረንበት አንድ ሥራ እስካሁን ይቆጨኛል። ጆንያ የምትቀበለው ሠራተኛ ወደ መስፊያው ከማሳለፏ በፊት ጆንያውን በጉልበቷ ደገፍ አድርጋ ሁለት ጊዜ ከወለሉ ጋር ታጋጨው ነበር፤ እኛም ልማድ መስሎን አለፍነው። ማጓጓዣ ቀበቶው ተተክሎ ጆንያው በቀጥታ ወደ መስፊያው መሄድ ሲጀምር፣ ያልረጋው ዱቄት እስከ አፉ እየሞላ ከመርፌው ሥር ይገባ ጀመር። የሚያንቀጠቅጥ መድረክ እስክንጨምር ድረስ ክሩ በየጊዜው ይበጠስ ነበር። ብንጠይቃት ኖሮ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ትነግረን ነበር።

ሴንሰር፣ ማለትም ጆንያው መድረሱን ለማሽኑ የሚያሳውቀውን መሣሪያ፣ ሲመርጡ ብናኙን ያስቡ። በብርሃን የሚሠራ ሴንሰር ዱቄት ሲለብስ ይታወራል፤ በተቻለ መጠን ጆንያውን ራሱን ከማየት ይልቅ ጆንያው የሚገፋውን የብረት ክንድ በብረት መለያ ሴንሰር መከታተል ይሻላል። በአየር ላይ የሚንሳፈፍ የዱቄት ብናኝ እሳት ካገኘ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ የመቆጣጠሪያው ፓኔል ከማሸጊያው ክፍል ውጭ ቢተከል ይመረጣል።

የአገራችን ሙቀትና ከፍታ በሻጩ ካታሎግ ላይ ተለይተው አይጻፉም፤ ሆኖም ብዙ መሣሪያ የሚበላሸው በእነርሱ ምክንያት ነው። የሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠሩ ብዙ ኢንቨርተሮች ሙሉ ጭነታቸውን የሚሸከሙት የአካባቢው ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከፍታውም እስከ 1,000 ሜትር ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል አቅም መቀነስ የተለመደ ስሌት ነው። 1,200 ሜትር አካባቢ ላለችው ድሬዳዋ ይህ 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ወደ 1,900 ሜትር ለምትጠጋው ሐረር ግን 9 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የድሬዳዋ ችግር ይልቁንም ሙቀቱ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተዘጋ ፓኔል ውስጡ ከውጭው አየር እጅግ የጋለ ይሆናል። ስለዚህ ኢንቨርተሩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ይግዙ፤ ፓኔሉንም ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ያስተክሉ።

ደኅንነትን በተመለከተ ለዋጋ ሲባል የሚታለፍ ነገር ሊኖር አይገባም። የድንገተኛ ማቆሚያው ቁልፍ ለፒኤልሲው (መስመሩን በፕሮግራም ለሚመራው አነስተኛ ኮምፒውተር) ምልክት በመስጠት ብቻ ሳይወሰን የኮንታክተሩን (የሞተሩን ኃይል የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ማብሪያ) ኃይል ራሱ በቀጥታ ማቋረጥ አለበት፤ ሽቦው ቢበጠስም ማሽኑ እንዲቆም ሳይጫን ዝግ ሆኖ ሲጫን በሚከፈት መገናኛ ይታሰር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መስመሩ በራሱ መነሣት የለበትም፤ ሰው መነሻውን ቁልፍ እስኪጫን ይጠብቅ። በዚያች ቅጽበት የታነቀ ጆንያ ለማውጣት እጁን ያስገባ ሠራተኛ ሊኖር ይችላልና።

በርክክቡ ቀን የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የፒኤልሲውን ፕሮግራም ቅጂ፣ የይለፍ ቃሉንና የሽቦውን ንድፍ ይቀበሉ። አንድ አነስተኛ ፋብሪካ ይለፍ ቃሉን የያዘው ባለሙያ በመሄዱ የአንዲት ጆንያ ክብደት መቀየር ተስኖት እንደነበር አውቃለሁ። ከጅቡቲ ወደብ እስኪገባ የማይጠበቅ መለዋወጫ፣ ቢያንስ ከየሴንሰሩ ዓይነት አንዳንድ፣ በመጋዘን ይኑር። በቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ሠራተኞቹ በሚያነቡት ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ ይሁን። የድሮውን በእጅ የመሥራት መንገድ ቢያንስ ለሦስት ወር አያንሡት፤ ጆንያ ስትቀበል የኖረችው ሠራተኛም ሥልጠናውን ቀድማ ትውሰድ፤ ሚዛኑ ሲዛባ ከሁሉ በፊት የምታውቀው እርሷ ናት።