ሴሉ አለ፣ ፕሮቲኑ የለም፦ ሐዋሳ ላይ ምን እንፈትሽ?

የሰው ፕሮቲን በሴል ማምረት እምቢ ሲል ሁሉም ሰው ፕላዝሚዱን (የፕሮቲኑን ጂን ተሸክሞ ሴሉ ውስጥ የሚገባውን ክብ ዲኤንኤ) ይጠረጥራል። እኔ ግን መጀመሪያ የሚዲያውን (ሴሉ የሚያድግበትን ፈሳሽ) ቀለም እዩ ባይ ነኝ።

ሚዲያው ሮዝ፣ ከዚያም ሐምራዊ ይሆናል፤ ፒኤቹ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ሴሉ አያድግም። ሲሊንደሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለውና ኢንኩቤተሩ (ሴሉ የሚቆይበት ሣጥን) 5 በመቶ ካለ፣ ጣጣው ከፍታው ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዳማም ያው ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የሚዲያውን ፒኤች የሚወስነው ደግሞ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት እንጂ መቶኛው አይደለም። ስለዚህ እዚህ 5 በመቶ ስትሉ የምታገኙት የ4 በመቶን ሥራ ነው። ወደ 6 በመቶ ከፍ አድርጉት፤ በማግስቱ ፒኤቹን ለኩ። ዲኤምኢኤም የተባለውን ሚዲያ የምትጠቀሙ ደግሞ ባይካርቦኔቱን አንብቡ፤ በሊትር 3.7 ግራም ካለው መጀመሪያውኑ ከ5 በመቶ በላይ ይፈልጋል።

ሴሉ ጤነኛ ነው፣ ሚዲያው ውስጥ ግን ፕሮቲን የለም። ሚዲያውን ብቻ አትመርምሩ። ሴሉንም አፍርሳችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን ዌስተርን ብሎት (አንድን ፕሮቲን ለይቶ እንደ መስመር፣ ማለትም እንደ ባንድ፣ የሚያሳይ ምርመራ) ላይ አስገቡ። የፕሮቲኑ ባንድ ሴሉ ውስጥ ብቻ ከታየ ፕሮቲኑ መውጫ አጥቷል። ሲኤችኦ ሴል (ከሃምስተር እንቁላል እጢ የተገኘ ሴል) ፕሮቲን ወደ ውጭ መላክ ያውቅበታል፤ አሜሪካ በ1987 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው የረጋ ደም የሚያሟሟው ቲፒኤ የሚመረተው በሱ ነው። እንግዲህ ሲግናል ፔፕታይዱን (ፕሮቲኑን ወደ ውጭ የሚመራውን ጫፉን) ፈትሹ። እሱ ደህና ከሆነ ሙቀቱን ወደ 32 ዲግሪ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ለመታጠፍ የሚቸገር ፕሮቲን አንዳንዴ እዚያ ይወጣለታል። ሁለቱም ጋ ባዶ ከሆነ ጂኤፍፒ (አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን) የሚሠራ ፕላዝሚድ አስገቡ። ካላበራ ትራንስፌክሽኑ (ዲኤንኤውን ሴሉ ውስጥ ማስገባቱ) አልሠራም፤ የዲኤንኤውንና የሪኤጀንቱን መጠን አስተካክሉ። ካበራ፣ አሁን ፕላዝሚዱን ጠርጥሩ፤ ሲኩዌንስ ይደረግ (የዲኤንኤው ፊደላት ይነበቡ)።

የፕሮቲኑ ባንድ ተበጣጥሷል። የሞቱ ሴሎች ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይለቃሉ። ቀደም ብላችሁ ሰብስቡ፣ በረዶ ላይ አቆዩት። መብራት ሲሄድ ደግሞ የኢንኩቤተሩን በር «እስኪ ልየው» እያላችሁ አትክፈቱ።

ሚዲያው ጥርት ያለ ነው፣ ምርቱ ግን እየወረደ ነው። ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፣ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ያልፋል፣ የሴል ግድግዳ ስለሌለውም ፔኒሲሊን አይነካውም። ዲኤንኤውን በሚያባዛው ፒሲአር ምርመራ አረጋግጡ። ከተገኘ ፍላስኩን አውቶክሌቭ አድርጋችሁ (በግፊት እንፋሎት ገድላችሁ) ጣሉ፣ ኢንኩቤተሩን አጽዱ፣ ከናይትሮጅን ታንኩ የተመረመረ የቀዘቀዘ የሴል ቫያል (ትንሽ ጠርሙስ) አውጡ።