የጎርፍ ተመራማሪ ለመሆን ከምን ይጀመራል?

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተንደርድረው ይወርዱና ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይደክማል። የተሸከሙትን ደለል እዚያው ያራግፋሉ፣ የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፣ ክረምቱ ሲበረታ ውሃው ዳርቻውን አልፎ ሩዝ ማሳው ላይ ይተኛል። ላይ ጉና ሥር እርከን ቢሠራና ቦረቦሩ ቢከተር ታች ያለው ጎርፍ ምን ያህል ይቀንሳል? ይህ ጥያቄ ብቻውን ለአንድ ተመራማሪ የዕድሜ ልክ ሥራ ይሆናል። ብዙ ተማሪ ግን ከኮምፒውተር ሞዴል ይነሣል። ሞዴሉን የሚፈትንበት የተለካ ፍሰት ስለሌለው መመረቂያው ያልቃል፣ ጥያቄው ባለበት ይቀራል።

በውሃ ምሕንድስና፣ በጂኦግራፊም ሆነ በተፈጥሮ ሀብት የተመረቀ ሰው ወደዚህ ሙያ መግባት ይችላል። ከምሕንድስና የመጣው አብዛኛውን ጊዜ የአፈር ዕውቀት ይጎድለዋል፣ ከጂኦግራፊ የመጣው ሃይድሮሊክስ (የውሃ አፈሳሰስ ስሌት)። የጎደለውን በማስተርሱ የመጀመሪያ ዓመት ይሙሉ። ካርታውን ኪውጂአይኤስ (QGIS)፣ ስሌቱን አር (R) በሚባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች መሥራት ይቻላል፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ተፋሰሱ ትንሽ ይሁን፤ ከ100 እስከ 500 ሄክታር ይበቃል። ጎጃም ያለው የአንጀኒ የምርምር ተፋሰስ እንኳ 113 ሄክታር ገደማ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ተፋሰሶችን ይምረጡ፤ በአንዱ እርከንና ክትር ይሠራል፣ ሌላው ባለበት ይቆያል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱንም ቢያንስ አንድ ክረምት፣ ቢቻል ሁለት ይለኩ። ይህ ከተዘለለ ጎርፉ የቀነሰው በእርከኑ ይሁን በዝናቡ ማነስ መለየት አይቻልም።

መለኪያው የሚተከልበት ቦታ ከላይም ከታችም ቀጥ ብሎ የሚፈስ፣ ወለሉ ድንጋያማ የሆነ፣ ሲሞላም ውሃው ወደ ማሳ የማያመልጥበት ይሁን። አሸዋማ ወለል በየጎርፉ ስለሚለዋወጥ የአምናው ስሌት ለዘንድሮ አይሠራም። የከፍታ መለኪያው እንደተለመደው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ይነበባል፤ ለትልቅ ወንዝ ያስኬዳል። የትንሽ ጅረት ደራሽ ግን ከሰዓት በኋላ መጥቶ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ስለሚያልፍ ሁለቱም ንባቦች ላያገኙት ይችላሉ። ስለዚህ በየ5 ደቂቃው የውሃ ግፊት የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል። የአየር ግፊት የሚለካ ሁለተኛ መሣሪያም ከውሃ ውጭ ይኑር፤ ያለዚያ የአየሩ ለውጥ የውሃ ከፍታ መስሎ ይታያል።

ፍሰቱ ሲለካ ሜትር ከዳር እስከ ዳር ይወጠርና ስፋቱ 20 ያህል ቦታ ይከፈላል። ጥልቀቱ ከ75 ሳንቲሜትር ካነሰ ፍጥነቱ ከላይ ሲቆጠር በጥልቀቱ 0.6 ላይ ይለካል፤ ከበለጠ በ0.2 እና በ0.8 ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል። በእያንዳንዱ ነጥብ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይቆዩ። ጥልቀት በሜትር፣ ፍጥነት በሜትር በሴኮንድ ሆነው ሲባዙ ወደ 1 ከተጠጉ ውሃው ውስጥ አይግቡ። ያኔ ዳር ቆሞ በተንሳፋፊ መለካት ነው። ባዶ የሃይላንድ ኮዳ ነፋስ ስለሚገፋው ግማሹ ውሃ ይሞላ። 10 ሜትር በ8 ሴኮንድ ከሄደ የላይኛው ፍጥነት 1.25 ሜትር በሴኮንድ ነው። ከታች ያለው ውሃ ስለሚዘገይ በ0.85 ይባዛል፤ ውሃው የሚያልፍበት የወንዙ ቁርጥ (የወንዙ ወርድ በአማካይ ጥልቀቱ ሲባዛ) 2.4 ካሬ ሜትር ከሆነ ፍሰቱ 2.55 ሜትር ኩብ በሴኮንድ ይመጣል።

ከፍታን ከፍሰት የሚያገናኘው ኩርባ የሚሳሳተው ጫፉ ላይ ነው። እስከ 60 ሳንቲሜትር ብቻ ለክቶ መስመሩን እስከ 2 ሜትር መሳብ ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። ጎርፉ ባለፈ ማግስት፣ ሌላ ዝናብ ሳያጥበው፣ ዳርቻው ላይ የቀረውን የጭቃ መስመርና ቁጥቋጦ ላይ የተሰቀለውን ገለባ ምልክት ያድርጉበት። የውሃውን ተዳፋት በሌቭል (የከፍታ ልዩነት በሚለካው የቅየሳ መሣሪያ) ቀይሰው፣ ፍሰቱን ከተዳፋቱ፣ ከወንዙ ቁርጥና ከወለሉ ሻካራነት በሚያወጣው በማኒንግ ቀመር ያስሉ።

ክትሮቹንም ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። መካከሉ ዝቅ ካላለ፣ ጫፎቹም ወደ ግራና ቀኝ ግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ካልገቡ ውሃው በጎን ይዞርና ቦረቦሩን ያሰፋዋል። ከሥሩ ድንጋይ ካልተነጠፈ ፏፏቴው መሠረቱን ይቆፍራል። ርቀቱ ቁመቱን ለተዳፋቱ በማካፈል ይገኛል፤ 1 ሜትር ክትር በ10 በመቶ ተዳፋት ላይ በየ10 ሜትሩ ይሠራል። ደለል ከሞላው በኋላ ግን ውሃ የመያዝ አቅሙ እንደ መጀመሪያው ክረምት አይሆንም፤ የአንድ ዓመት ውጤት ይዞ «ጎርፍ ቀነሰ» ብሎ መጻፍ የሚያስተዛዝበው ለዚህ ነው።

መለኪያውን የሚያነበው ሰው ቤቱ ለወንዙ ቅርብ ይሁን፣ ክፍያውም በየወሩ ሳይዘገይ ይድረሰው። መዝገቡን ሲረከቡ ቁጥሮቹ ሁሉ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ከሆነ፣ ወይም ከባድ ዝናብ በጣለበት ቀን ከፍታው ካልተነቃነቀ፣ ቤት ተቀምጦ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ከመሣሪያው ምዝገባ ጋር ያስተያዩት፤ ካልገጠመ የዚያን ሳምንት ንባብ ከስሌቱ ያውጡ።