ሰብ ኮንትራት ስትይዝ፦ ብሩ መቼ ይገባል፣ ግብሩስ እንዴት ነው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ብሎኬት ድርደራ፣ ልስን፣ ፌሮ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር በሰብ (ከዋናው ኮንትራክተር ሥራ ከፍሎ) የሚይዝ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ብሩ በየስንት ጊዜ እንደሚከፈለው ነው። መልሱ አጭር ነው፦ ውሉ ላይ በተጻፈው ጊዜ። ካልተጻፈ ግን ኮንትራክተሩ ደስ ባለው ቀን። አንተ ደሞዝተኛ አይደለህም፤ ወሩ ስለሞላ ብቻ ብር አይወጣልህም።

ስለዚህ መጀመሪያ፣ አንድ ብሎኬት ሳታነሳ፣ የክፍያውን ጊዜ አስጽፍ። የእጅ ዋጋ ብቻ ከሆነ በየ15 ቀኑ ጠይቅ። የቀን ሠራተኞችህ ቅዳሜ ሲመጣ ሂሳባቸውን ይፈልጋሉ፣ እነሱን አንድ ወር ከኪስህ መቀለብ አትችልም። ዕቃውም ያንተ ከሆነ በየወሩ ይሁን፣ ግን ከቅድሚያ ክፍያ ጋር። ቅድሚያ ለመጠየቅ አትፈር፦ በመንግሥት ግንባታ ዋናው ኮንትራክተር ዋስትና አስይዞ ከውሉ ዋጋ እስከ 30 በመቶ በቅድሚያ መውሰድ ይችላል፤ ስለዚህ እሱ ራሱ ወስዶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሰምጥበት ጉድጓድ እንምጣ። "ባለቤቱ ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ" ይሉሃል፤ ሲሰሙት ደግሞ ምክንያታዊ ይመስላል። ግን ብሩ የሚሄድበትን መንገድ አስበው፦ ኮንትራክተሩ ሥራውን ለክቶ ለአማካሪው (ሥራውን ለሚቆጣጠረው መሐንዲስ) ያስገባል፣ አማካሪው ያጣራል፣ የክፍያ ሰርተፍኬት ይፈርማል፣ ከዚያ ባለቤቱ ጋ ይሄዳል፣ ፋይናንስ ጋ ይቀመጣል፣ አንዱ ፈራሚ ለስብሰባ ወጥቶ ይሆናል። ትልልቅ ፕሮጀክቶች የሚጠቀሙበት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፉ የግንባታ ውል ፊዲክ እንኳ አማካሪው የክፍያ ጥያቄውን ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ ለባለቤቱ 56 ቀን ይሰጣል። ኅዳር መጨረሻ የገባ ጥያቄ ጥር ላይ ነው ብር የሚሆነው ማለት ነው፣ ያውም ሁሉም በሰዓቱ ከሠራ። አንተ ደግሞ ከሁሉም ኋላ ነህ። ስለዚህ እንዲህ አስጽፍ፦ "ባለቤቱ ከፈለም አልከፈለም፣ ልኬቱ በተፈረመ በ15 ቀን ውስጥ ይከፈላል።" እምቢ ካሉህ ቢያንስ ጣሪያ ይኑረው፤ "በማንኛውም ሁኔታ ከ45 ቀን አይበልጥም" በል። ይህንንም እምቢ ካሉ እኔ ብሆን ሥራውን አልይዝም።

ቀጥሎ ልኬት ነው። ከሳይት ኢንጂነሩ ጋር አብራችሁ ለኩ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ አንድ ኮፒ በእጅህ ይቅር። የሚሸፈን ሥራ ከመሸፈኑ በፊት ይለካ፦ ፌሮ ኮንክሪት ሳይሞላበት፣ ቱቦ ሳይለሰንበት። በስልክህም ፎቶ አንሳ። የደሴ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሥራ ያቆማል፣ በዚያ መሃል ኢንጂነሩ ከተቀየረ አዲሱ ሰው ያልፈረመበትን አያውቅልህም።

ሬቴንሽን፣ ማለትም ለሥራው ዋስትና ተብሎ የሚያዝ ብርም አለ። ብዙ ጊዜ ከየክፍያው 5 በመቶ ይያዛል፣ ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ ይለቀቃል፣ ቀሪው የጉድለት ማረሚያው ጊዜ ሲያልቅ። "ርክክብ" የሚለው ያንተ ሥራ ርክክብ መሆኑን አስጽፍ። አለበለዚያ ልስንህን ጨርሰህ ከሄድክ በኋላ ብርህ ሊፍቱ እስኪገጠም ይጠብቃል።

ግብሩ ጋ ስንመጣ፣ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድና ሕጋዊ ደረሰኝ ይዘህ ቅረብ። በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ኮንትራክተሩ ከክፍያህ ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ቅድመ ግብር፣ ዊዝሆልዲንግ፣ ከ2 ወደ 3 በመቶ ከፍ ብሏል። የ200,000 ብር ሥራ ከሆነ 6,000 ብር ይቀነስና 194,000 ይደርስሃል። ቲን ከሌለህ ግን 30 በመቶ ነው፣ 60,000 ብር! ቲን የሚወጣው በነፃ ነው እኮ።

ያቺ 6,000 ብር የጠፋች እንዳትመስልህ። ሰኔ 30 ዓመቱ ተዘግቶ ግብርህ ሲሰላ ቀድመህ እንደከፈልክ ተቆጥራ ትቀነስልሃለች፤ ግን የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ በእጅህ ካለ ነው። ብሩን ስትቀበል አብረህ ተቀበል። "ነገ እንሰጥሃለን" ካሉህ ነገ ራስህ ሂድ፤ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ቢሮው ከተነሳ በኋላ ደረሰኝ ፍለጋ መዞር አበሳ ነው።

የቫት ተመዝጋቢ ከሆንክ በዚያው ሥራ ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 30,000 ብር ትጨምራለህ። እሱ ያንተ ብር አይደለም፤ ለዕቃ የከፈልከውን ቫት አቀናንሰህ በየወሩ የምታሳውቀው ነው። ሲሚንቶ ግዛበት ብሎ የሚመክርህን ሰው አትስማ። ደረሰኝ ከሰው ገዝቶ ማቅረብም አይታሰብ፣ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ወንጀል ነው።

ሠራተኞችህስ? 45 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቆዩት ጡረታ ይገባላቸዋል፤ 7 በመቶ ከእነሱ፣ 11 በመቶ ካንተ። የወር ደሞዛቸው ከ2,000 ብር ካለፈ የሥራ ግብር ቀንሰህ ለከተማህ ገቢዎች ታስገባለህ። ዋጋ ስትሰጥ ይህን 11 በመቶ ረስተህ ከሆነ ከትርፍህ ነው የሚወጣው።

ቀኑ አልፎ ካልተከፈለህስ? በስልክ መጨቃጨቁን ተውና ደብዳቤ ጻፍ፦ የተፈረመውን ልኬት ቀን፣ መጠኑንና የመጨረሻ ቀን የሚጠቅስ። ፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ላይ ውል አልተፈጸመልኝም ለማለት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል፤ ለዘገየ ገንዘብ የሚታሰበው ሕጋዊ ወለድም በዓመት 9 በመቶ ነው። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ውሰድ፣ አንዱ ላይ "ደርሶናል" ብለው ማህተም ያድርጉልህ።