ለትልቅ ጨዋታ ማታ፦ የ15 ሰው ምግብና መጠጥ አሰናዳድ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ጨዋታው በኛ ሰዓት ስንት ላይ እንደሚጀምር አረጋግጡ። አውሮፓ በፈረንጆቹ ማርችና ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓቱን ይቀይራል፣ የኛ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ በመስከረም ማታ 4:00 ይጀምር የነበረው የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ በኅዳር 5:00 ይሆናል። እሑድ 12:30 የምናየው የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታም 1:30 ይገባል። የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ደግሞ ለዓመታት ማታ 4:00 ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ ወደ ምሽት 1:00 ተስቧል። ይህ ልዩነት ምግቡን ይቀይረዋል። ለ1:00 ጨዋታ የሚመጣ እንግዳ ራቱን እናንተ ቤት ሊበላ ነው የሚመጣው። ለ5:00 ጨዋታ የሚመጣው በልቶ ስለሚመጣ የሚቆረጣጠምና የሚጠጣ ይበቃዋል፤ በዚያ ሰዓት ሙሉ ራት ማቅረብ ገንዘብ መጣል ነው።

ቀጥሎ የጾሙ ጉዳይ ነው። የቻምፒየንስ ሊግ ረቡዕ አለ፣ የጥሎ ማለፉ ወሳኝ ጨዋታዎች ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማሉ፣ በሰኔ የሚደረግ የዓለም ዋንጫም የሐዋርያት ጾም ላይ ይወድቃል። ረቡዕ 5:00 የጀመረ ጨዋታ የሚያልቀው ሐሙስ ገብቶ ስለሆነ «እንግዲህ ተፈታ» የሚል ወዳጅ አይጠፋም፤ እሱን ከራሱ ጋር ተዉት። ክርስቲያንና ሙስሊም ጓደኛ አብሮ ሲመጣ ደግሞ የሥጋው አስተራረድ ይለያያል። የሚያዋጣው መላ አንድ ነው፦ የምግቡን መሠረት ሁሉም የሚበላው ጾም አድርጉት፣ ሥጋውን በጎን ጨምሩ። ለጾም የምትጠብሱበት ዘይትና መጥበሻ ሥጋ ያልነካው ይሁን። ዓሣን ከጾም ምግብ የሚቆጥርም የማይቆጥርም አለና ለጾመኛ ብላችሁ ዓሣ ብቻ አትያዙ።

ወጥ ለዚህ ማታ አይሆንም። ጎል ሲገባ ሰው ሁሉ ይነሣል፣ ቀይ ወጥ ከሶፋ ላይ ደግሞ አይለቅም። በእጅ ተይዞ፣ ዓይን ከስክሪን ሳይነሣ የሚበላ ነገር ነው የሚያስፈልገው፤ ከዚያ ውስጥ የምስር ሳምቡሳን የሚያክል የለም።

ለ45 ሳምቡሳ፣ ለአንድ ሰው 3 ማለት ነው፣ 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር፣ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ከ6 እስከ 8 ቃሪያ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትና 1 ሊትር ተኩል ዘይት ይበቃል። ምስሩን ከዋዜማው ቀቅሉ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ዩቲዩብ ላይ 20 ደቂቃ የተባለ ምስር እዚህ ጥሬ ነው። በሰዓት ሳይሆን በጣት እየጨመቃችሁ አብስሉት፣ ግን ሳይፈርስ አውጡት። ውሃውን ጨርሶ አጥልሉ፣ ሽንኩርቱን ለየብቻ አቁላሉና ቀላቅሉ፣ ቃሪያውን ጥሬውን ከትፋችሁ በመጨረሻ ጨምሩ። ከዚያ ይቀዝቅዝ። ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ የገባው ምስር እርጥብ ወይም ትኩስ ሲሆን ነው፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ሊጡን ይቀደዋል።

ሊጡ ጠንከር ብሎ ተቦክቶ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። የእንቁላል መጠን እያድበለበላችሁ ዳምጡ፤ ሁለቱን በመካከላቸው ዘይት ቀብታችሁ ደርቡና አብራችሁ አሳሱ። በሞቀ ምጣድ ላይ በየጎኑ ግማሽ ደቂቃ ብቻ አሳርፉ፣ ወዲያው አላቁ፣ እያንዳንዱን ለሁለት ቁረጡ። የቆያችሁበት እንደሆነ ይደርቅና ስታጥፉት ይሰነጠቃል። ያላቀቃችሁትን እርጥብ ጨርቅ አልብሱት። አጥፋችሁ ምስሩን ከሞላችሁ በኋላ ዳሩን በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት አጣብቁ፤ ጫፉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ከቀረ ዘይቱ በዚያ ይገባል። ሞልታችሁ በአንድ ረድፍ ደርድራችሁ ፍሪጅ ብታሳድሩት ምንም አይሆንም።

ዘይቱ መድረሱን በቁራሽ ሊጥ ፈትኑ፤ ወዲያው አረፋ አውጥቶ ከተንሳፈፈ ደርሷል። በአንድ ጊዜ ከ6 በላይ አታስገቡ፣ ዘይቱ ይበርድና ሳምቡሳው ዘይት ይጠጣል። ያወጣችሁትን ትኩሱን አትክደኑት፣ ይለሰልሳል። ሠላሳውን ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት ጥበሱ፤ አሥራ አምስቱን ለእረፍት አስቀሩ። ጨዋታው የዋንጫ ከሆነ ከእነዚያም አምስት ስድስት ያዙ፦ ጭማሪ 30 ደቂቃና ፍጹም ቅጣት ምት ከመጣ ቤቱ እንደገና ይርበዋል።

ሥጋ ለሚበሉ 10 ሰዎች 2 ኪሎ ተኩል አጥንት የሌለው የጥብስ ሥጋ፣ ከሽንጥ ወይም ከዳቢት፣ በዕለቱ ጠዋት ግዙ። ጥብስ የሚበላሸው በችኮላ ነው፤ ሁለት ኪሎ ተኩሉን አንድ ላይ መጥበሻ ላይ ከጣሉት ውሃ ያወጣና ይቀቀላል። ግማሽ ግማሽ ኪሎ እያደረጋችሁ በኃይለኛ እሳት ጥበሱ፣ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያውና የጥብስ ቅጠሉ መጨረሻ ይግቡ። እንጀራ ለአንድ ሰው አንድ ተኩል አስቡ፣ ከ20 እስከ 25 ይበቃል፤ ከሰዓት በፊት ያዙት፣ ማታ የሚገኘው የተረፈው ነው። ትሪው ጨዋታው ሊጀምር 20 ደቂቃ ሲቀረው ተነሥቶ ማለቅ አለበት። ሰው ትሪ ከበበ ማለት ግማሹ ለቴሌቪዥኑ ጀርባውን ሰጠ ማለት ነው። ክትፎና ቁርጥ ግን ለዚህ ማታ ይቅሩ፤ ሰው በሞላበት ሞቃት ሳሎን ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ጥሬ ሥጋ ጨዋታ አይደለም።

1 ኪሎ ተኩል ቆሎና 1 ኪሎ ዳቦ ቆሎ በአራት አምስት ትንንሽ ሳህን ክፍሉ ውስጥ በትኑ። ጨው የበዛበት ቆሎ ቢራውን እንደሚያስጨርስ ግን እወቁ።

ቢራ ለሚጠጣ ሰው ከፊትና ከኋላ ያለውን ጊዜ ጨምሮ 4 ጠርሙስ አስቡ፦ ለ10 ጠጪ 40፣ ማለትም 24 የሚይዘው ሳጥን ሁለት። ለስላሳና ማልት አንድ ሳጥን፣ ውሃ ባለ 2 ሊትር 8፣ ለሆድ ደግሞ አምቦ ውሃ ጥቂት። ያልተከፈተውን መልሶ ይወስድ እንደሆነ ባለሱቁን አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ማቀዝቀዙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 48 ጠርሙስ ሞቅ እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ማታ ቢታጨቅ እስከ እረፍት አይበርድም፤ ፍሪዘር ውስጥ የተረሳውም ይፈነዳል። ከሁለት ቀን በፊት አምስት ስድስት ሃይላንድ ውሃ፣ አፉን ትንሽ አጉድላችሁ፣ በረዶ አድርጉ። በዕለቱ ላስቲኩን ቀድዳችሁ በረዶውን ሰባብሩ፣ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ከጠርሙሶቹ ጋር አድርጉና ጠርሙሱን እስከ አንገቱ የሚሸፍን ውሃ ጨምሩበት። ውሃው ጠርሙሱን ዙሪያውን ስለሚነካ ውሃ ከሌለው በረዶ ይፈጥናል፤ እፍኝ ጨው ሲጨመር ይበልጥ ይፈጥናል። ለስላሳው በሌላ ሳፋ ይሁን፤ አልኮል የማይነካ እንግዳ ቢራ መሐል እጁን እየሰደደ አይፈልግ።

ቡና የሚፈልጉ ካሉ እረፍቱ 15 ደቂቃ ብቻ መሆኑን አትርሱ። ቡናው ቀደም ብሎ ተቆልቶ ተወቅጦ ይቆይ፣ ጀበናው በ25ኛው ደቂቃ ይጣድ፣ አቦል በፊሽካው ይቀዳ። ቶናና በረካ ከጨዋታው በኋላ ይደርሳሉ። ከሰሉ በረንዳ ላይ ይሁን፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል። መብራት ቢጠፋ ጥብሱንም ሳምቡሳውንም የምታወጡበት ቡታጋዝ ወይም ከሰል ተጠባባቂ ይኑር። በኢንተርኔት የምታዩ ከሆነ ደግሞ ስርጭቱ ከጎረቤት ዲኤስቲቪ ወደ ኋላ ስለሚቀር የጎሉን ጩኸት ቀድማችሁ ትሰማላችሁ፤ ለዚህ መድኃኒት የለውም።

ባዶውን ሳጥን በር አጠገብ አስቀምጡና ጠርሙሱ እዚያው እየገባ ይሂድ፤ የተሰበረው ከማስያዣችሁ ይቀነሳል። ሌሊት 6:00 ካለፈ ሚኒባስ ስለማይገኝ ወደ ቤት የሚሄዱትን በሠፈር ቧድናችሁ ራይድ እንዲጋሩ 80ኛው ደቂቃ ላይ ተነጋገሩ።