ነን ካፌ ከመውጣታችሁ በፊት

ሴሚስተር ሲጀመር ዶርም ውስጥ የማይቀር ወሬ አለ፦ "ነን ካፌ እንውጣ!" የግቢውን ካፌ ትተን የምግቡን ብር በእጃችን ወስደን ውጭ እንብላ ማለት ነው። ወጡ ቀጥኗል፣ ሰልፉ ረዝሟል፣ በዚያ ላይ ብር በእጅ ሲገባ ደስ ይላል። ሐዋሳ የምትማሩ ፍሬሾች ግን ሚል ካርዳችሁን (የካፌ መመገቢያ ካርዱን) ከመመለሳችሁ በፊት ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

በ2017 ዓ.ም. የአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር አድጓል። ለቁርስ፣ ለምሳና ለእራት ሲካፈል ለአንዱ 33 ብር ገደማ ነው። ግቢ በር ላይ ያሉትን ምግብ ቤቶች ዞር ዞር ብላችሁ የሽሮና የበያይነቱን ዋጋ ጠይቁ፤ መልሱን እዚያው ታገኙታላችሁ። ደግሞ ስጦታ እንዳይመስላችሁ። ወጪ መጋራት ፈርማችኋል፤ ካፌ ብትበሉም ብሩን ብትወስዱም ሥራ ስትይዙ ከደሞዝ ይቆረጣል። ከቤት በየወሩ የሚደጉማችሁ ከሌለ እኔ በበኩሌ ካፌ ቆዩ ነው የምለው።

የግድ ከወጣችሁ ብቻችሁን አትውጡ። ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ምግብ ቤት በቋሚነት ለመብላት ኮንትራት ያዙ፣ ዋጋም ለመከራከር ይመቻል። ጭቅጭቅ የሚነሳው ባልበላችሁበት ቀን ነው። ቅዳሜ ዘመድ ጋ ሄዳችሁ፣ ፈተና ደርሶ ምሳ ዘላችሁ፣ ወሩ ሲያልቅ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሙሉውን ትጠይቃለች። ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፣ ደብተር ይኑር፣ በበላችሁ ቁጥር ምልክት ይደረግ፣ ክፍያውም በየአሥራ አምስት ቀኑ ይሁን። የወሩን በአንዴ ከፍላችሁ ቤቱ ቢዘጋ ማንን ትይዛላችሁ?

ብር እንደገባ የሳሙና፣ የሞዴስና የፎቶ ኮፒ ለብቻው ይቀመጥ፤ የምግብ ብር የሚያልቀው በእነዚህ ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ መብላቱ ይደርሳል፣ ሐይቁ የትም አይሄድም።

ከቤት ስትመጡ በሶ ያዙ። እሳት አይፈልግም፣ ዶርም ከሚቆጣጠረው ፕሮክተር ጋር በምድጃ ድብብቆሽ የለም፣ ለጾምም ይሆናል። ክዳን ያለው ኮዳ ውስጥ መጀመሪያ ውሃና ስኳር፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ማንኪያ በሶ ጨምራችሁ በደንብ ናጡት፤ ዱቄቱ ከቀደመ ከሥር ይጓጉላል። አቮካዶ በረከሰ ጊዜ ደግሞ ዳቦ በአቮካዶ ምን የመሰለ ቁርስ ነው!

ብር ጭራሽ ካጠራችሁ ይሉኝታውን ተዉት። "አልበላሁም" ማለት ከብዷችሁ ምሳ ሰዓት ላይብረሪ የምትቀመጡ አላችሁ። የተማሪዎች አገልግሎት ሂዳችሁ ተናገሩ፣ ሴቶች የሥርዓተ ፆታ ቢሮውንም ጠይቁ። ከቀበሌ የችግር ማስረጃ ልትባሉ ስለምትችሉ ክረምት ላይ ቤት ሳላችሁ አውጥታችሁ ያዙት፤ እዚህ ሆኖ እናትን በስልክ ቀበሌ ማመላለስ ለእሷም ድካም ነው። ወደ ካፌ መመለስ ቢያምራችሁ መቼ እንደሚቻልም ካርዱን ስትመልሱ ጠይቁ፣ በፈለጋችሁበት ቀን ላይሰጣችሁ ይችላል።