ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቢዝነስ ክላሱንም እዩት

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በአዲስ አበባ አድርጋችሁ ወደ ውጭ የምትበሩ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቢዝነስ ክላስ (ሰፋ ያለው የአውሮፕላን ወንበር) ሁልጊዜ ውድ ነው ብላችሁ ሳታዩት አትለፉ። ኢኮኖሚ፣ ማለትም ተራው ወንበር፣ አንድ ዋጋ ብቻ አይደለም ያለው። ወንበሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ዋጋው በእንግሊዝኛ ፊደል የተከፋፈለ ነው፤ ርካሾቹ ፊደሎች ቀድመው ያልቁና መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀረው «ዋይ» (Y) የሚባለው ሙሉ ዋጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀን ለመቀየርም ብር ለማስመለስም ስለሚመች ይወደዳል። በዚያው በረራ ቢዝነሱ ወይም አንደኛ ማዕረጉ ሳይሞላ ቀርቶ በቅናሽ ፊደል ከተለቀቀ ከ«ዋይ» በታች ሊወርድ ይችላል። ሁልጊዜ አይገኝም፣ ግን ለለቅሶ ወይም ለሕክምና በድንገት ስትነሱ ማየቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሻንጣውንም ደምሩት! ለዘመድ በርበሬና ሽሮ ጭኖ የሚሄድ ሰው ለትርፍ ኪሎ የሚከፍለው ቀላል አይደለም፣ ቢዝነስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የበለጠ ኪሎ ይፈቅዳል።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ በቅናሽ የተገኘ ቢዝነስ ቀን ለመቀየር ሊያስቀጣ ወይም ጭራሽ ተመላሽ ላይኖረው ይችላል። ትኬት ቢሮ ከሄዳችሁ «ፊደሉ ምንድን ነው? ብቀይረው ስንት እከፍላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።